የሊድ ጊታር ሶሎ ለምን አይሰማም? ስለ ቡስት ፔዳል የተካሄደ ውይይት

በጽሑፍ የተካሄደውን ይህን ውይይት የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምሽት ክለብ ከባንድ ጋር ሊድ ጊታር የሚጫወት ወጣት ነው። ችግሩን በጥንቃቄ አስረድቷል፦ ቤቱ ሲለማመድ የጊታሩ ድምፅ ሙሉና ጥርት ያለ ነው፤ መድረክ ላይ ግን የሶሎው ተራ ሲደርስ ኪቦርዱ፣ ሳክስፎኑና ድራሙ ይውጡታል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ጣቶቹ ሲሮጡ ያያል እንጂ የሚጫወተውን አይለይም። መፍትሔ ይሆነኛል ብሎ ባለ አንድ ቁልፍ ቡስት ፔዳል (በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ሲግናል የሚያጎላ ትንሽ ሣጥን) ከውጭ አስመጥቶ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል አስገባው። አምፑ አነስተኛ ባለ ቲዩብ ነው፤ የሚፈልገውን ሻካራ ድምፅም ከዚያው ከአምፑ ያገኛል። ፔዳሉን ሲረግጠው ድምፁ ይወፍራል፣ ይበልጥ ይሻክራል፣ ኖታውም ይረዝማል፤ ከፍ ግን አይልም። ፔዳሉ ተበላሽቶ ይሆን፣ ወይስ አቅሙ አንሶ ሌላ መግዛት ያስፈልገኛል የሚለው ነበር ጥያቄው።

እኔም ከባንድ ጋር ጊታር ስለምጫወት ውይይቱን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። ሶሎው ሲደርስ የሚጠፋ ጊታር በየመድረኩ ስሰማ ያመኛል፤ ልጁ የለፋበት ነገር ሰው ጆሮ ሳይደርስ ይቀራልና። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ችግሩ ገንዘብ ሳይወጣበት የሚስተካከል ነው። ስለዚህ መላሾቹ ያሉትን በየተራው በራሴ አገላለጽ አቀርባለሁ፤ የምስማማበትንና የማልስማማበትንም እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

1ኛውን ምላሽ የሰጠው አንድ የጊታር መምህር ሲሆን አጻጻፉ ትሕትና የተሞላ ነበር። ጠያቂውን ስለ ግልጽ አገላለጹ አመስግኖ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት የአምፑ የጌን ቁልፍ (የሚገባውን ሲግናል የሚያጎላው) ስንት ላይ እንዳለ እንዲነግረው ጠየቀ። በ2ኛው ምላሽ ጠያቂው ተመልሶ ቁልፉ ከ10 ውስጥ 8 ላይ እንደሆነ፣ ለሪትምም (ለአጃቢነት) ለሶሎም ሳይነካው እንደሚጫወት ገለጸ።

3ኛው ምላሽ የዚሁ መምህር ነው፤ ለእኔ የጠቅላላው ውይይት መሠረት ይህ ነው። ፔዳሉ ጤነኛ መሆኑን አስቀድሞ አረጋገጠለት። ቀጥሎም እያንዳንዱ የአምፕ ደረጃ ሊያስተላልፍ የሚችለው የኤሌክትሪክ ሞገድ ጣሪያ እንዳለው፣ ጌኑ 8 ላይ ሲሆን የጊታሩ ሲግናል ያለ ምንም ፔዳል ጣሪያውን እየመታ ጫፉ እየተቆረጠ እንደሚያልፍ አስረዳ። ሻካራው ድምፅ የሚወለደው ከዚሁ መቆረጥ ነው። በዚህ ላይ ቡስት ሲጨመር ሞልቶ በሚፈስ ጋን ላይ ውሃ እንደ መጨመር ይሆናል፤ ሞገዱ ይበልጥ ይቆረጣል፣ ተጨማሪ ሃርሞኒክስ (ከመነሻ ድምፁ በላይ የሚሰሙ ቀጫጭን ድምፆች) ይወጣል፣ ኖታው ይረዝማል፣ የድምፁ ከፍታ ግን ካለበት አይነቃነቅም። መምህሩ መፍትሔውን በሁለት መንገድ አቀረበው። አንደኛው ጌኑን ወደ 4 ወይም 5 ዝቅ አድርጎ ለሪትም ንጹሕ ወይም ከፊል ሻካራ ድምፅ መያዝ ነው፤ ያኔ ቡስቱ የሚጨምርበት ክፍተት ያገኛል። ሁለተኛው ቡስቱን ሻካራው ድምፅ ከሚፈጠርበት ቦታ በኋላ ማስቀመጥ ነው፤ ሻካራው ድምፅ ከፔዳል የሚመጣ ከሆነ ከዚያ ፔዳል ቀጥሎ፣ ከአምፑ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አምፑ ከጀርባው ሴንድና ሪተርን የሚባሉ ቀዳዳዎች ካሉት በእነሱ መካከል።

4ኛው ምላሽ ከሐዋሳ ነበር፤ በሠርግ ባንድ የሚጫወት ሰው ነው። በመምህሩ ሐሳብ ተስማምቶ፣ እሱ ግን ለዚህ ሁሉ ፔዳል እንደማያስፈልገው፣ ለሪትም የጊታሩን ቮሊውም 6 ላይ አድርጎ ለሶሎ 10 ላይ እንደሚከፍተው ጻፈ። 5ኛው መላሽ በጨዋ አነጋገር አረመው። አምፑ በጣም ሻካራ ሆኖ ሳለ የጊታሩን ቮሊውም መክፈትም ያው ሻካራነት እንጂ ከፍታ አይጨምርም፤ በተጨማሪም ፓሲቭ ፒክአፕ (ያለ ባትሪ የሚሠራ የክር ድምፅ ተቀባይ) ያለው ጊታር ቮሊውሙ ሲቀነስ ቀጭኑን ድምፅ ቀድሞ ያጣል፤ የጊታር ገመድ በአንድ ሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ የሚጠጋ ካፓሲታንስ (እዚህ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀር የኤሌክትሪክ ጠባይ) ስላለው ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ለዚህ በቮሊውም ቁልፉ ላይ የምትበየድ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር መፍትሔ እንደሆነች ጠቁሞ አለፈ። እርማቱ በቁሙ ትክክል ነው፤ የሐዋሳው ሰው ሐሳብ ግን ኋላ ላይ ሌላ ደጋፊ አግኝቷል።

በ6ኛው ምላሽ የገቡት አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የጻፉት ሁሉ አንቱ እያሉ ነው የመለሱላቸው። የቡስትን ታሪክ ከሥሩ አነሱ። በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣው የዳላስ ሬንጅማስተር በእግር የሚረገጥ እንዳልነበረ፣ ከአምፑ አናት ላይ የሚቀመጥ፣ በውስጡ አንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ ያለው ሣጥን እንደነበረ ጻፉ። የአየርላንዱ ጊታሪስት ሮሪ ጋላገር በቮክስ ኤሲ30 አምፕ ላይ ይህንኑ ተጠቅሟል፤ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚም በላኒ አምፖቹ ፊት የተሻሻለ ሬንጅማስተር አስገብቷል፤ የኩዊኑ ብራያን ሜይም እስከ ዛሬ የሚታወቀው በትሬብል ቡስተር (ቀጭኑን ድምፅ በሚያጎላ ቡስት) በሚገፋቸው ኤሲ30ዎች ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ኒው ዮርክ ያለው ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ኤልፒቢ 1 የተባለውን፣ በአንድ ትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ አነስተኛ ማጉያ አወጣ። የአንጋፋው ነጥብ ግን ታሪክ መዘርዘር አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ቡስቱን በአምፑ ፊት ያስቀመጡት አምፑን ወደ ሻካራነት ለመግፋት ስለፈለጉ ነው አሉ፤ የዚያን ዘመን አምፖች ዛሬ የምናውቀው ብዙ ጌን ስላልነበራቸው ፔዳሉ የጎደለውን ይሞላ ነበር። ስለዚህ የጠያቂው ፔዳል በትክክል የተሠራበትን ሥራ እየሠራ ነው፤ ጠያቂው የሚፈልገው ሌላ ሥራ ነው። ይህን ልዩነት ከዚህ አሳጥሮ የገለጸ ሰው አላጋጠመኝም።

7ኛው መላሽ በምስጋና ብቻ አለፈ። በ8ኛው የመጣችው በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የምትጫወት ጊታሪስት ናት፤ በአክብሮት ሆና አንጋፋው የዘለሉትን አንድ ነገር ጨመረች። ሬንጅማስተር ሁሉንም ድምፅ እኩል አያጎላም፤ መግቢያው ላይ ያለችው ካፓሲተር ትንሽ ስለሆነች ወፍራሙን ድምፅ እያስቀረች መካከለኛውንና ቀጭኑን ነው የምታሳልፈው። የጊታሩ ድምፅ ከባንዱ መካከል ቀዶ የሚወጣውም በዚህ የተነሳ ጭምር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የወጣው አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር የተባለው ፔዳልም እንዲሁ ከ720 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በታች ያለውን እየቀነሰ መካከለኛውን ያስቀድማል፤ አሜሪካዊው ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን በፌንደር አምፖቹ ላይ ድራይቩን (የሻካራነቱን ቁልፍ) ዝቅ፣ ሌቭሉን (የከፍታውን ቁልፍ) ከፍ አድርጎ የተጠቀመበት ለዚህ ነው። ሁሉን እኩል የሚያነሳ ቡስት፣ ለምሳሌ እስከ 26 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) የሚጨምረው ኤምኤክስአር ማይክሮ አምፕ፣ የጊታሩን ወፍራም ድምፅም አብሮ ያነሳል፤ ያ ደግሞ ከቤዝ ጊታሩና ከድራሙ ከበሮ ጋር ተጋጭቶ ይባክናል።

እሷ ራሷ ለሶሎ የምትጠቀመው የተለመደውን ቡስት ሳይሆን ቦስ ጂኢ7 የተባለውን ኢኳላይዘር ፔዳል (ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ) ነው። ሰባት ተንሸራታቾችና አንድ የሌቭል ተንሸራታች አሉት፤ እያንዳንዱ እስከ 15 ዴሲቤል ከፍና ዝቅ ይላል። 100 እና 200 ኸርዝን ትንሽ ዝቅ፣ 800 ኸርዝንና 1.6 ኪሎኸርዝን ጥቂት ከፍ አድርጋ፣ ሌቭሉን በትንሹ ትጨምርና ከኦቨርድራይቩ (ሻካራ ድምፅ ከሚሰጠው ፔዳል) በኋላ ታስቀምጠዋለች። ምክንያቷን በቁጥር አስደግፋለች፦ የጊታር ቀጭኑ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ መነሻ ድምፁ 659 ኸርዝ ነው፤ 24 ፍሬት ባለው ጊታር ጫፉ ድረስ ቢኬድ እንኳ ከ1320 ኸርዝ አያልፍም። የሶሎው አካል ያለው በዚህ ክልል ነው፤ የኪቦርዱ ስትሪንግና ብራስ፣ የሳክስፎኑም ዜማ የሚኖሩት እዚያው ነው። ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከፍታ ብቻ ሲነገርበት የነበረውን ጥያቄ ወደ ቦታ ጥያቄ የቀየረው እሱ ነውና።

የውይይቱ ጠባይ የተለወጠው 9ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው ይህ ሁሉ የነጋዴ ወሬ እንደሆነ፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩምን የመሰሉ ሰዎች ስማቸውን ያስጠሩት በጣታቸው እንጂ በፔዳል እንዳልሆነ፣ የዛሬ ልጆች ግን የእጃቸውን ድክመት በእግራቸው ሊሸፍኑ እንደሚሞክሩ ጻፈ። 10ኛው መላሽ በቁጣ ተነሣበት። ጠያቂው ስለ ችሎታው አንድም ቃል ሳይናገር ስለማያውቁት ሰው እጅ መፍረድ ነውር ነው አለው። ታላላቆቹን በሚመለከትም ፌንደር በታዋቂው እንግሊዛዊ ጊታሪስት በኤሪክ ክላፕተን ስም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ውስጥ በባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ መካከለኛውን ድምፅ እስከ 25 ዴሲቤል የሚያነሳ ቡስት ተሠርቶ እንደገባ፣ ማንም ግን ክላፕተንን መጫወት አይችልም ብሎ እንደማያውቅ አስታወሰው። 9ኛው ተመልሶ 11ኛውን ጻፈ፤ በአገራችን ሙዚቃ ላይ የፈረንጅ ምሳሌ አይጠቀስብኝ የሚል ነበር። ክርክሩ ወደ ስድብ ሊያዘነብል ጥቂት ቀርቶት ነበር።

9ኛው መላሽ የጣት ነገር መቅደም አለበት ሲል እኔም ከልቤ እስማማለሁ። ነገር ግን የሰላም ሥዩምን ጊታር በካሴት ዘመን የሰማነው ሁሉ ጥርት ብሎ የተሰማን ጣቱ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ባንዱ ቦታ ስለለቀቀለት ጭምር ነው። ይህንኑ በ12ኛው ምላሽ የተናገረው አንድ የድምፅ ባለሙያ ሲሆን፣ ውይይቱን ከጸብ ያወጣው እሱ ነው። በእነዚያ ባንዶች ቅንብር ጊታሩ ሲናገር የትንፋሽ መሣሪያዎቹ እንደሚያርፉ፣ ኪቦርዱም እንደሚቀጥን፣ ዛሬ ግን ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደሚጫወት አስረዳ።

ከዚያ ወደ ራሱ ቅሬታ ገባ፤ ቃላቱም ለስላሳ አልነበሩም። ጊታሪስቶች ቡስቱን ቤታቸው አስተካክለው ይመጡና መድረክ ላይ ሲረግጡት ድምፁ በ15 ዴሲቤል ይፈነዳል፤ ድምፃዊው ይሸፈናል፣ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ደንግጦ ፌደሩን (የከፍታ ተንሸራታቹን) ይቀንሰዋል፣ ሶሎው አልቆ ሪትም ሲመለስ ደግሞ ጊታሩ ከናካቴው ይጠፋል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ሁልጊዜ የድምፅ ባለሙያው ነው። ለሶሎ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይበቃል አለ። 10 ዴሲቤል ለሰው ጆሮ እጥፍ ሆኖ ይሰማል፤ በአንጻሩ የአምፑን ዋት ከ50 ወደ 100 ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ትልቅ አምፕ መግዛትም ጠያቂው እንደሚያስበው አይጠቅመውም። አንድ ሌላ ነገርም አመለከተ፤ ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እንደ ጨረር ወደ ፊት ለፊቱ ብቻ ይወረውረዋል። አምፑ ወለል ላይ ተቀምጦ ጊታሪስቱ ከጎኑ ወይም በጣም ተጠግቶት ሲቆም ስለታማው ድምፅ በእግሮቹ መካከል ያልፋል፤ እሱ የደነዘዘ ድምፅ እየሰማ ትሬብሉን ይጨምራል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ጆሮ ግን ይቆረጣል። አምፑን ወንበር ላይ ማውጣት ወይም ወደ ላይ ማዘንበል ሳንቲም አያስወጣም።

13ኛው መላሽ ኪቦርዲስት ነበር፤ ተቆጥቷል። ጊታር ሳይሰማ በቀረ ቁጥር ለምን ኪቦርድ ይከሰሳል ብሎ ጠየቀ። በብዙ ባንድ የትንፋሽ መሣሪያዎች ስለሌሉ የትራምፔቱንም፣ የሳክሱንም፣ የስትሪንጉንም ሥራ እሱ ብቻውን እንደሚሸከም፣ የችክችካው ምት እንዳይቀዘቅዝ በሁለት እጁ መያዝ እንዳለበት ተናገረ። ቅሬታው እውነት አለው። ዋሽንግተን ያለችው ጊታሪስት በ14ኛው ላይ በለዘበ አነጋገር መለሰችለት፦ ማንም ይቁም አላለም፣ ሶሎው ሲጀምር ቀኝ እጁን አንድ ኦክታቭ ዝቅ ቢያደርግ ወይም ብራሱን ትቶ ኦርጋን ቢይዝ ለሁለቱም ይበቃል አለችው። ኪቦርዲስቱ በ15ኛው ላይ ነገሩን እሞክረዋለሁ ብሎ ቁጣው በረደ።

16ኛው ምላሽ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚጫወት ሁሉ ቢያነበው የምመኘው ነው። ጸሐፊው እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ ረጅም ሶሎ እንደሆነ፣ በእኛ ዘፈን ግን ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በግጥሙ ስንኞች መካከል እንደሆነ አስታወሰ። ድምፃዊው ስንኙን ይጨርሳል፣ ጊታሩ በአንድ ወይም በሁለት የምት መለኪያ (ባር) ውስጥ ዜማውን ተቀብሎ ይመልስለታል፣ ድምፃዊው ይቀጥላል። በቀዘቀዘ ትዝታ ላይ ይህ በአንድ ዘፈን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እያንዳንዱን መልስ በፔዳል ለማስነሳት የሚሞክር ሰው እግሩን አንስቶ ሲጥል ነው የሚያመሸው፤ አንድ ጊዜ ማጥፋት ቢረሳ ደግሞ ድምፃዊው ላይ ይጮኻል። ስለዚህ የሐዋሳው ሰው በ4ኛው ምላሽ የተናገረው መንገድ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ነው አለ፤ ሁኔታው አምፑ ንጹሕ ድምፅ ላይ እስካለ ድረስ ነው፣ ያኔ የጊታሩ ቮሊውም በእርግጥ ከፍታን ይቀይራል።

አሠራሩንም በዝርዝር ጻፈው። በስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ላይ የቮሊውም ቁልፉ ከክሮቹ ሥር ቅርብ ስለሆነ ቀኝ እጅ ከመምታቱ ሳያቋርጥ ትንሿ ጣት ቁልፉን ልትነካው ትችላለች። ድምፃዊው የስንኙን የመጨረሻ ቃል ሲያረዝም ጣቷ ቁልፉን ከ7 ወደ 9 ትገፋለች፤ መልሱ በዚያው ከፍታ ይጫወታል፤ የመልሱ የመጨረሻ ኖታ እየሞተ ሳለ ወደ 7 ይመለሳል። ሰሚው ቁልፍ መነካቱን አያውቅም፤ ጊታሩ ወደ ፊት መጥቶ እንደ ተመለሰ ብቻ ይሰማዋል። ቁልፉ የራቀበት ጊታር ያለው ሰው የቮሊውም ፔዳል ከኦቨርድራይቩ በኋላ ያስቀምጥ ብሎ ጨመረ። ቡስት ፔዳሉ ስንኞቹ አልቀው መሃል ላይ ለሚመጣው ረጅም ሶሎ ብቻ ይቆይ። 5ኛው መላሽም በ17ኛው ላይ ሐሳቡን ተቀብሎ፣ የእሱ እርማት ሻካራ አምፕን ብቻ የሚመለከት እንደሆነ አስረዳ።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ዞረ። 18ኛው መላሽ ቡስቱን ሲከፍት በጣም የሚያስቸግር እምምታ (የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ) እንደሚሰማው ገልጾ መፍትሔ ጠየቀ። 19ኛው ቡስት የቀደመውን ጫጫታ ሁሉ አብሮ እንደሚያጎላ፣ አንድ አዳፕተር ለብዙ ፔዳሎች ተቀጣጥሎ ሲከፋፈል እምምታው እንደሚብስ፣ ለእያንዳንዱ ፔዳል የተለየ መውጫ ያለው የኃይል ማከፋፈያ መያዝ እንደሚበጅ መከረው። ከአሜሪካ አምፕ የሚያስመጡም ሰዎች በ120 ቮልት የተሠራው ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ 220 ላይ ከተሰካ እንደሚቃጠል አስጠነቀቀ። 20ኛው ላይ አንጋፋው ሙዚቀኛ ተመልሰው በሬንጅማስተር አምሳል የተሠሩ ፔዳሎችን የሚመለከት ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ብዙዎቹ ፒኤንፒ በሚባለው ዓይነት የጀርማኒየም ትራንዚስተር ስለሚሠሩ የኃይላቸው ፖዘቲቭ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከሌሎች የተለመዱ ፔዳሎች ጋር በአንድ ተቀጣጣይ ገመድ ከተሰኩ ኃይሉ ሾርት ይሆናል። ባትሪ ወይም ለብቻው የተነጠለ መውጫ ያስፈልጋቸዋል። ጀርማኒየም ሙቀት ሲበዛበት ጠባዩ እንደሚለወጥም አንስተው፣ በሞቃት አገር መድረክ ላይ ሲሊከኑን እንደሚመርጡ ተናገሩ።

21ኛው መላሽ አምፕ የለውም፤ ብዙ ኢፌክት በአንድ ላይ የያዘ ዲጂታል ዕቃ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይሰካል። ፊት ለፊቱ ቡስት ፔዳል ሲያስገባ ድምፁ እንደሚሰነጠቅ ጽፎ ምክንያቱን ጠየቀ። የድምፅ ባለሙያው በ22ኛው ላይ አጭር መልስ ሰጠው። የዲጂታል ዕቃ መግቢያ እንደ ቲዩብ ቀስ ብሎ አይሻክርም፤ ልኩ ሲታለፍ በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል፣ ያም ለጆሮ ደስ አይልም። ቡስቱን ከፊት አውጥቶ በዕቃው ውስጥ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሌቭሉን 4 ዴሲቤል ያህል የሚጨምር ሁለተኛ ድምፅ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይሻለዋል።

ጠያቂው በ23ኛው ላይ በደስታ ተመለሰ። አምፑ ሴንድና ሪተርን ስለሌለው ጌኑን ወደ 4 አውርዶ ንጹሕ አድርጎታል፤ ሻካራውን ድምፅ ከኦቨርድራይቭ ፔዳል ወስዶ ቡስቱን ከእሱ ቀጥሎ አስቀምጧል፤ አምፑንም ወንበር ላይ አውጥቶታል። የባንዱ ኪቦርዲስት በሶሎው ጊዜ እጁን ዝቅ ለማድረግ ተስማምቶለታል። ሶሎው መሰማት እንደ ጀመረ፣ ግን ፔዳሉ ላይ ዴሲቤል ስላልተጻፈ ስንት እየጨመረ እንደሆነ ማወቅ እንዳቃተው ጻፈ። 24ኛው መላሽ በጆሮህ ለካ ብሎ በአንድ መስመር አለፈ፤ ይህ ምክር በቂ አይመስለኝም፤ መድረክ ላይ ያለ ጆሮ በሲምባሉ ከደነቆረ በኋላ አይታመንም።

የመጨረሻው፣ 25ኛው ምላሽ፣ የድምፅ ባለሙያው ነው። አምፑ ፊት ማይክሮፎን ካለ የሚክሰሩን ሜትር ማየት ይቻላል፤ አንድን ሐረግ በአንድ ዓይነት አመታት አንድ ጊዜ ያለ ቡስት፣ አንድ ጊዜ ከቡስት ጋር መጫወትና የሁለቱን ልዩነት መመልከት ነው። ማይክሮፎን ከሌለ በስልክ ላይ ያለ የድምፅ መለኪያም ልዩነቱን ለመገመት ይረዳል። ይህም ለብቻ ሳይሆን ባንዱ በሙሉ የዘፈኑን ጠንካራ ክፍል እየተጫወተ ከአዳራሹ መሃል መሰማት አለበት። ጊታሪስቱ ራሱ ወርዶ መስማት ከፈለገ አንድ ሐረግ በሉፐር ፔዳል ቀድቶ እንዲደጋግም ይተወውና ሰው ቡስቱን እያበራና እያጠፋ እንዲረግጥለት ያድርግ፤ ሉፐሩ ግን ከቡስቱ በፊት መግባት አለበት፣ ከኋላ ከገባ የተቀዳው ሐረግ ቡስቱ ቢረገጥም አይለወጥምና።